የአቶ መኩሪያ ጣቶች

ለብሎክ አሥራ አራት ነዋሪዎች በሙሉ! አቶ መኩሪያ ክብደት ቀንሰው ቀበቷቸው ወደ አራተኛው ቀዳዳ መሸጋገሩን ስናበስር ታላቅ ክብር ይሰማናል።

የጎፋው ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ይህን አዋጅ ደረጃው ላይ በለጠፈ በሳምንቱ ባለቀበቶው ሞተ። ወረቀቱን ለመንቀል የደፈረ ስላልነበረ ለቀስተኛው ሁሉ እያነበበው ወጣ።

ኢንስፔክተር ዶርቃም አንብባው ወጣች። ሟቹ ራሱን ስቶ የተገኘበት አልጋ በላብ ርሶ የደረቀ ምልክት ይዟል። ራስጌው ላይ የደም ስኳር መለኪያው ቦርሳ አለ፤ በዚፑ ዙሪያ ጥቃቅን ጉንዳኖች ይመላለሳሉ።

«ስኳር ያለበት ቤት ጉንዳን አይጠፋም» አሉ አቶ ወጋየሁ፣ በሩን ተደግፈው። ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ትሪ ቁርጥ የበሉ ጎረቤት ናቸው።

ዶርቃ ወደ ሟቹ ልጅ ዞረች። «ኢንሱሊኑን የሚወጋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቴዎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑንም ጨምር ተብያለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ሦስት መቶ አርባ አለ፤ ጨመርኩ። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ገና ይተነፍስ ነበር። ከክንዱ ደም ቀድተው ሃያ አንድ ነው አሉኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሰሪኝ።»

«አትቸኩል፣ ወንድሜ። ማሰሩን ለኔ ተወው።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ኪሎው ሲቀንስ ስኳሩ ይጨምራል! ተደብቆ ኬክ ይበላል ብዬ ኪሱን በረበርኩ። ሌባ አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

«ኪሱ ውስጥ ምን አገኙ?»

«ካሮት።»

ዶርቃ የመለኪያውን ቦርሳ መለስ ብላ አየች። «ጣቶቹስ?»

«በመርፌ ብዛት ቆስለው ነበር። ወጋየሁ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ማር ይቀባለታል። መኩሪያም በሶፍት ጠረግ አድርጎ ይለካል።»

«ማር ለቁስል መድኃኒት ነው። እናቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነው» አሉ አቶ ወጋየሁ።

በማግስቱ ዶርቃ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስባ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሁላችሁም ትለካላችሁ። ከአቶ ወጋየሁ እንጀምር።»

«እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ፤ ስኳር ከያዘኝ ስንት ዓመቴ!» አሉና ተነሥተው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሳሙና አነሡ።

«ወዴት ነው?»

«እጄን ልታጠብ ነዋ...»

ውሃው እየፈሰሰ ቀረ። እሳቸውም ከነሳሙናው ቆመው ቀሩ።

ዶርቃ የወይዘሮ አፀደን ጣት ማር ቀብታ፣ በሶፍት ጠርጋ ለካች፦ ሦስት መቶ አሥር። አስታጥባ ደገመች፦ ዘጠና አምስት።

«አቶ መኩሪያ ኬክ አልበሉም። ስኳሩ ደማቸው ውስጥ ሳይሆን ጣታቸው ላይ ነበር፤ ጉንዳኖቹ ከኔ ቀድመው ደርሰውበታል። ኪሏቸው ሲቀንስ የደማቸውም ስኳር እየወረደ ነበር። መቀነስ የነበረበት ኢንሱሊን ግን ማሩ ባሳየው ቁጥር ተጨመረ። ያ ሁሉ ላብ ስኳር የወረደበት ሰው ላብ ነው። ቴዎ፣ አንተ የወጋኸው ላየኸው ቁጥር ነው።»

ቴዎ ፊቱን እናቱ ትከሻ ላይ ደፋ።

«እርስዎ ግን፣ አቶ ወጋየሁ፣ ለራስዎ ሳይታጠቡ አይለኩም። ለጓደኛዎ ማር! ሥጋ ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ አቶ መኩሪያ ቁርጥ ትተው ከቀሩ ወዲህ ብቻዎን ይቀመጣሉ፣ ትሪው ሳያልቅ ይነሣሉ። ቁጥሩ አልወርድ ሲል ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠረጴዛችን ይመለሳል ብለው ነው። ኢንሱሊኑ እንደሚጨመር አላሰቡም።»

አቶ ወጋየሁ አረፋ የያዙ ጣቶቻቸውን አዩ።

«ወጋየሁ» አሉ ወይዘሮ አፀደ፣ ቀስ ብለው። «እኔ ሌባ ስለው እዚያች በር ላይ ቆመህ ነበር። ሰምተኸኛል። ለምን ዝም አልክ?»

«አልናገርም።»

«ለኔ እንኳ?»

«አልናገርም አልኩ።»