ዳገቱ ላይ ያለው ዝግ ሱቅ

ፈትሂያ ነገሩ የገባት አባቷ ለተዘጋ ሱቅ ሰላምታ ሲሰጥ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ ሐቢብ፣ ግራ እጁን ብረት በሩ ላይ አሳርፎ። የሱቁ ባለቤት ንግዱን ወደ አዘዞ ካዛወረ ሁለት ወር አልፎታል።

«አባዬ፣ ማንን ነው ሰላም የምትለው?»

«አላፊ አግዳሚውን ነዋ!» አለ። አላፊም አግዳሚም አልነበረም።

ከአዲስ ዓለም ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት በየጧቱ አብረው ይወጡታል፤ እሱ ወደ ጨርቅ ሱቁ፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት። የጎንደር ነጋዴ ሰላምታ አያሳጥርም፤ የልጅ፣ የጤና፣ የአማት ነገር ሳይጠየቅ አይታለፍም። ሐቢብ ግን ከመውሊድ ወዲህ ብሶበታል። ልብስ ሰፊውን፣ ባለ ዳቦ ቤቱን፣ ሦስት ዓመት የተኳረፈውን ጫማ ሻጭ ሳይቀር ቆሞ ያዋራል። «ሐቢብ እኮ ሰው አክባሪ ሆነ!» ይላል ሰፈሩ። ፈትሂያም ኮርታበት ነበር፤ ሞኝ!

አሁን ፊቱን አየችው። በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሷል። ቀኝ እጁ ኮቱ ስር ገብቶ ደረቱን ይዟል።

«ያምሃል?»

«ጭምድድ አድርጎ ይይዘኝና ስቆም ይተወኛል። ምንም አይደል።» ወዲያው ቆጣ አለ። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ! ከሰማች ሱቁን አዘግታ አልጋ ላይ ነው የምታውለኝ። ወላሂ በይ።»

«አባዬ...»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት።

የዚያኑ ቀን፣ የ2009 የሳይንስ ሳምንት ስለነበር፣ ከጓደኛዋ ከሄለን ጋር ጥናታቸውን ሊያቀርቡ አሥራ አንደኛ ክፍል ፊት ቆሙ። ርዕሱን የመረጠችው ፈትሂያ ናት። በባዮሎጂ እሷን የሚረታት የለም፤ ይህንንም ከማንም አትደብቅም።

«ሰክሲኔት ማለት» አለች ሰሌዳውን እያሳየች፣ «ሴላችን ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ መንገድ ላይ የሚሠራው ነገር ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን ማለፊያ ያጣና ይከማቻል። ሞልቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌሎች ሴሎች መልእክት አድርገው ያነቡታል።»

«ምን የሚል መልእክት?» አለ አንዱ ከኋላ። «ናፍቃችሁኛል?» ክፍሉ ሳቀ።

«አንተን ማን ይናፍቃል? ‹እዚህ ተቸግረናል› የሚል!» አለች ፈትሂያ። «ስንሮጥ ከጡንቻችን ይወጣል፤ ጡንቻው እንዲጠነክር ያግዛል። ይኼ ጤና ነው። ደም ያጣ ልብ ውስጥ ሲከማች ግን ሌላ ነው። ደሙ በድንገት ሲመለስ ያ ሁሉ ክምችት ባንዴ ይቃጠልና ልቡን መልሶ ይጎዳዋል።»

መምህር ፊልጶስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሸጋ ነው። ታዲያ መልእክቱን ብቻ ዝም ብናሰኘውስ? ሕመሙ ይድናል?»

«ጉዳቱን ይቀንስ እንደሆነ እየተመራመሩበት ነው። ግን ለልቡ ያጠረው ደም... ያው...» አለች። የጧቱ ብረት በር ታያት፤ የአባቷ ግራ እጅም። «ያው እንዳጠረ ነው» ብላ ጨረሰችው ሄለን።

ሲወጡ ሄለን ክንዷን ያዘቻት። «ፍሬንድ፣ ምን ሆነሽ ነው? አንቺ እኮ ቃል አያጥርሽም!»

ፈትሂያ ሁሉንም ነገረቻት። የሄለን እናት እጅጋየሁ ነርስ ናት፤ ሄለንም እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ ነው ያደገችው።

«ዳገት ላይ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚለቅ? ይኼ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው! ስሚ፣ እኔ ለእማዬ ልንገራት፣ እሷ ለእናትሽ ትደውል። አንቺ አልተናገርሽም፤ መሐላሽም አልተነካም። አሪፍ አይደል?»

አሪፍ ነበር። ፈትሂያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አሰበችበት።

«አይሆንም» አለች። «በሰው አፍ ተናግሬ አልተናገርሁም ልል ነው? አላህን ላታልል ነው እንዴ? የማልሁት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔው። እናትሽን ግን ‹አባዬን ይዘነው እንመጣለን፣ ሐኪም ቤት ጠብቂን› በያት።»

ቁርአን ቤት የተማረችው ትዝ ብሏታል፤ ከመሐላው የሚበልጥ ደግ ነገር ያየ መሐላውን ያፍርስ፣ አሥር ድሃም ያብላ፤ ይህን ያጣ ሦስት ቀን ይጹም። አሥር ድሃ ማብላት ለተማሪ ከየት ይመጣል? ጾሙን ግን ትችለዋለች። የአባቷ ቁጣ ይከብዳል፤ ምናልባትም ሳምንት ሙሉ አያናግራትም ይሆናል። ፈራች። ቢሆንም ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው።

እናቷ ሙሚና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ነገ ቁርስ አትሥሪልኝ። ሦስት ቀን እጾማለሁ።»

«ምነው? ረመዳን ገና ነው።»

«መሐላ ላፈርስ ነው።»

የሙሚና እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «የምን መሐላ?»

ፈትሂያ የእናቷን ሻሽ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ሰጠቻት።

«የአባዬ ነገር ነው። ተነሽ፣ ሱቅ ሳይዘጋ እንድረስበት። ዳገቱን እየወጣን እነግርሻለሁ።»