አንጓ ላይ ይቆጠር

አክስቷ አንዱን ወረቀት መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ ሌላውን ደረበችበት። የከሰዓት ፀሐይ ሁለቱንም ሰንጥቃ ገባች። አንድ ጠመዝማዛ መስመር ከታች፣ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ከላይ፤ ሁለቱ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ፣ ደግመው ወጡ።

«እዪው» አለች አክስቷ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ኮከብ ነው። ይሄኛው ደግሞ ያንቺ ልብ።»

ልጅቷ አየችው። የኮከቡ መስመር በእርግጥ የኮከብ ነው። ሁለተኛው ግን የሷ ልብ አልነበረም።

ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ቅጽል ስሟ ሬዲዮ። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ሲሆኑ፣ ያወጡላትም ቀኑን ሙሉ ስለማትዘጋ ብቻ አይደለም። የምታሰራጨው ዜና ግማሹ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ የሚፈበረክ ስለሆነ ጭምር ነው። የሂሳብ መምህራቸው በልጅነታቸው መብረቅ መትቷቸው ከዚያ ወዲህ ክፍልፋይ ባዩ ቁጥር ፀጉራቸው ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ያወራችው እሷ ናት። መምህሩ ራሰ በራ መሆናቸው ዜናውን ከመሰራጨት አላገደውም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትመጣው ወደዚህ ክፍል ነው። የምርምር ተቋሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቦታ ስለጠበበ ሥራቸው የማይገናኝ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀዋል። በስተግራ አክስቷ የሰው ልብ እንዴት እንደሚመታ በሂሳብ ቀመር ትጽፋለች። ቀመሩን ስታስነሳው፣ ደም የሌለው፣ ባለቤት የሌለው ልብ ስክሪኑ ላይ እየተኮማተረ ይፈታል። መሃል ላይ እትዬ ቴሌስኮፕ አሉ፤ በሰባት በሰባት ቀን የምትደምቅና የምትደበዝዝ አንዲት ኮከብ እንደ ጎረቤት ሲከታተሉ ስድስት ዓመታቸው ነው። በስተቀኝ፣ ከመጻሕፍቱ ቁልል ጀርባ፣ ጋሼ ነጠላ ሰረዝ። ስሙ የጠፋ አንድ ገጣሚ በእጁ የጻፈውን ረጅም ግጥም ለኅትመት ያዘጋጃሉ። በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ፤ ያውም ከራሳቸው ጋር።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቃል ነው።

አክስቷ ለአሥራ ሁለት ታዳጊዎች አንድ አንድ ቅጽ ሰጥታ ነበር። በቅጹ አናት ላይ «በየማለዳው ከአልጋ ሳይነሱ አንጓ ላይ ይቆጠር» ይላል። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ ማድረግ፣ ትርታውን አንድ ደቂቃ መቁጠር፣ መጻፍ፤ ሠላሳ ቀን። ሬዲዮ ዘጠኙን ቀን እንደ ደህና ልጅ ሞላች። ሰባ ሰባት፣ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ አራት። ቁጥሮቹ እንደ ፍየል ግልገል ይፈነጩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ነጠላ ሰረዝ የግጥሙን ቅጂ ሰጥተዋት ነበር። ጮክ ብለሽ አንብቢና የት የት እንደምትተነፍሺ ምልክት አድርጊልኝ አሏት። ግጥሙ ባለ ስድስት ስንኝ ሃያ አንድ ክፍል አለው፤ እሳቸው እያንዳንዱን ክፍል «አንጓ» ይሉታል።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ግማሽ ልቧ ሕልም ውስጥ ሆኖ ግጥሙን ከትራሷ ሥር አወጣችው። መጋረጃው እየተነፋ ይሟሽሻል፤ ግጥሙ ውስጥ አንድ ሰው ከሰማይ ጋር በቀስታ ያወራል። ጣቷ ሳታዝዘው ፊደላቱን መቁጠር ጀመረ። የመጀመሪያው አንጓ ሰባ ስድስት ፊደል ሆነ። ወዲያው እናቷ ከሳሎን ጠራቻት፤ ትርታዋን ሳትቆጥር ተነሳች። ቅጹ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አይታ ሳቀች። ሰባ ስድስት ፊደል፣ ሰባ ስድስት ትርታ፤ ማን ያውቃል? ጻፈችው። በማግስቱ ሁለተኛው አንጓ ሰባ ስምንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለት ተጋድሞ ግጥም መቁጠር ሆኖ አረፈው። አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ልብን ከማዳመጥ ይልቅ ይቀል ነበር።

እያንዳንዱን ቀን ለብቻው ስለሞላችው ቁጥሮቹ ተደርድረው ምን እንደሚመስሉ አይታ አታውቅም። ዛሬ መስኮቱ ላይ አየችው። ከሰባ ስድስት ወደ ሰማንያ ሁለት ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ በሰባት በሰባት ቀን፤ ሦስት ጊዜ።

«የሌሎቹ አሥራ አንድ ልጆች ቁጥር የአውቶቡስ ፌርማታ ግርግር ነው» አለች አክስቷ። «ያንቺ ግን ይዘፍናል። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀኖች ብቻ ይወላከፋሉ። ጣትሽ ገና ሲለምድ ይመስለኛል። እነሱን አወጣቸዋለሁ።»

እውነተኞቹን ልትጥላቸው ነው።

እትዬ ቴሌስኮፕ ከመነጽራቸው በላይ አይተው፣ በሰባት ቀን የሚመላለስ ነገር ሞልቷል፣ የሰፈራችን የቆሻሻ መኪናም በሰባት በሰባት ቀን ይመጣል፣ ከኮከቤ ጋር ዘመድ ነው ብዬ ግን አላውቅም አሉ። ይህን ይበሉ እንጂ ተነስተው መጥተው ወረቀቶቹ ፊት ቆሙ። ጋሼ ነጠላ ሰረዝ ቀና አላሉም። እሳቸው ግጥም የሚለኩት በጆሯቸው ነው፤ ፊደል በጣት ቆጥረው አያውቁም።

አክስቷ ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰኞ በጉባኤው ላይ የምታቀርበው ይህንኑ እንደሆነ ነገረቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀመርሽ ደረቅ ነው፣ የሰው ሽታ የለውም ሲሏት ኖረዋል፤ ባለፈው ጊዜ ስትናገር ከኋላ ተቀምጦ ያንኮራፋ ሰው ነበር።

«ሰኞ ማንም አይተኛም» አለች። ቅጹንና እስክሪብቶውን አቀበለቻት። «ታች ፈርሚልኝ፣ የኔ እናት። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሳሞቀው ጨርሺ።»

ከቅጹ ግርጌ «ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ራሴ ለክቻለሁ» ይላል።

ሬዲዮ ከቅጹ ጋር ብቻዋን ቀረች። ምላሷ እንደ ልማዱ ሥራ ጀመረ፤ ስቱዲዮው ተከፈተ። ትኩሳት ይዞኝ ነበር። የለም፣ ድመት ቅጹ ላይ ተኝታ ቁጥሮቹን አጠፋፋቻቸው። ድመት የላቸውም። ከዚያ ዓይኗ ቅጹ አናት ላይ ወደቀ፤ ልቧ ዘለለ።

አንጓ ላይ ይቆጠር።

ከዚህ የሚበልጥ ውሸት በሕይወቷ አግኝታ አታውቅም። ውሸት እንኳ አይመስልም። «ቆጥሬያለሁ እኮ፣ የግጥሙን አንጓ መስሎኝ ነው» ብትል ማን ይቆጣታል? ይስቃሉ። ጋሼ ነጠላ ሰረዝ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ጥፋቱም የቃሉ ይሆናል። ግን ዘጠኙ ቀን አሉ፤ ዘጠኝ ማለዳ የትኛው አንጓ እንደሆነ በደንብ ታውቅ ነበር።

ማሽኑ ኮሪደሩ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ባለቤት የሌለው ልብ በዝግታ ይኮማተራል፣ ይፈታል። አቧራው ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ መስኮቱ ላይ ኮከቡና ፎርጅዱ ልብ አብረው ይዋኛሉ። በጣም ያምራል። እንደዚህ የሚያምር ነገር ልቧ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ብላ ተመኘች።

ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አደረገች። ከዘጠነኛው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። አንድ መቶ አራት። አይዘፍንም። በር እንደሚያንኳኳ ሰው ይደበድባል።

ቅጹን ዝቅ አድርጋ ያዘችው። በቀኝ በኩል «ማስታወሻ» የሚል አምድ አለ፤ ወሩን ሙሉ ማንም አልነካውም። በአሥረኛው ቀን አንጻር እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ጻፈች፤ «አልለካሁም። የግጥሙ 1ኛ አንጓ ፊደል ነው።» እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። «መስሎኝ» ለሚለው ቃል ቦታ ተርፎ ነበር። ባዶውን ተወችውና ወደ አሥራ አንደኛው ቀን ወረደች። «አልለካሁም። 2ኛ አንጓ።»

አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ጋሼ ነጠላ ሰረዝን ከመጻሕፍቱ ጀርባ አየቻቸው። እንደ ማዕበል የሚወጣ የሚወርደው መስመር የማን እንደሆነ አሁን ገባት። ልቧ ያልሠራው፣ ኮከብም ያልላከው፤ ስሙ የጠፋ አንድ ሰው ፊደል በፊደል የደረደረው። እሳቸው እስከ ዛሬ አላዩትም።

የማሽኑ ድምፅ ቆመ።

«ፈረምሽ?» አለች አክስቷ ከኮሪደሩ።

«ገና ነኝ» አለች ሬዲዮ። ድምጿ ቀጠነባት። «ማስታወሻውን እየሞላሁ ነው። ስትመጪ አጠገቤ ተቀመጪ፣ እሺ?»

የአክስቷ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቀረበ። ገና አሥራ ስድስት መስመር ይቀራታል። አንገቷን ደፍታ ቀጠለች።