ሞተሩ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ

እኔ በዛርም በቡዳም አምኜ አላውቅም፣ ጎረቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ይህንንም የምነግራችሁ በራሴ ላይ ስለደረሰ ብቻ ነው፣ ስሙኝ።

ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ አቪ። ከሠራዊት እንደወጣ ያጠራቀማትን አውጥቶ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ ስፖርት መኪና ገዛ፣ ሞተሯ የተቃጠለ። እዚህ ነቬ ኢታማር ሰፈር ያለው ሕንፃችን በምሰሶ ላይ የቆመ ነው፣ መኪኖቹ ከሥሩ ናቸው፣ እኔ ደግሞ አንደኛ ፎቅ ነኝ፣ ስለዚህ ከሥራ መልስ ሲቀጠቅጥ ከእግሬ ሥር እሰማዋለሁ። የሰው ልጅ በየመንገዱ ሲጠፋ የኔ ከወለሌ ሥር ነው እያልኩ ፈጣሪን አመሰግን ነበር።

ጓደኛው ሺሞን ከተሰባበሩ መኪኖች መሸጫ ሌላ ሞተር አመጣለት፣ ከፊተኛው የሚበልጥ። ስንት ታግለው ገጠሙት። ሊሞክሩት ባሉበት አርብ ምሳ ይዤላቸው ወረድኩ።

«ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ለምን ሸጠው?» አልኩ።

ሺሞን ሳቀ። «አልሸጠውም እኮ አክስቴ፣ መኪናው ውስጥ ሞተ። ከእኛው ወገን ነው፣ የአቪ እኩያ።»

«ታጥቧል?»

«ማን?»

«ሞተሩ።»

ሁለቱም ተሳሳቁብኝ። «ኢማ፣ በቤንዚን አጥበነዋል፣» አለ አቪ፣ «ከኔ ይልቅ እሱ ንጹሕ ነው።»

በአገራችን በጎንደር፣ በእኛ በአይሁዶቹ ዘንድ፣ ሬሳ የነካ ሰው ከመንደር ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ ታጥቦ፣ ነጽቶ ነው የሚመለስ። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ልጄ ደግሞ በዚያ ሞተር ወደ ሥራው ወደ ክፋር ዮና ሊነዳ ነው።

አስነሱት። እመኑኝ፣ ከሞተሩ ድምፅ ሥር ትንፋሽ ነበረ፣ ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ፣ አቪ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ሞተሩ ዝግ አለ፣ ትንፋሹ ግን አልዘገየም። አጥፍተውት እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ባልዲ ሞላሁ፣ ጸለይኩ፣ ደፋሁበት።

እንፋሎቱ ፊቴን ጋረደው፣ ብረቱ ጧ አለ፣ ከዚያ ጮኸ። የብረት ጩኸት አይደለም፣ ስንት ብረት ሲጮኽ ሰምቻለሁ።

«ምን አደረግሽ አክስቴ!» ሺሞን እየሮጠ መጣ። «የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ተሰነጠቀ እኮ!»

አቪ ተንበርክኮ ስንጥቁን ዳሰሰ። «ገደልሽው።»

«ቀድሞም ሙት ነው ልጄ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እናት አለኝ አልልም፣» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ።

ሺሞን ባትሪውን ነቅሎ ይዞ ሄደ።

በዚያው ማታ ሰንበት ገባ። አቪ ከፊቴ ተቀምጧል፣ አይበላም፣ አያየኝም። ዳቦውን ስባርክ ሳህኑ ተንቀጠቀጠ፣ ከወለሉ ሥር ሞተሩ ተነሣ፣ ከነትንፋሹ። አቪ ፈገግ አለ።

«አየሽ? አልሞተም።»

«ሰንበት ነው ልጄ፣ አትሂድ» ብዬ እጁን ያዝኩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ወረደ። ተከትዬው ደረጃው ላይ ቆምኩ። በመሪው በኩል አልገባም፣ ዞሮ በሌላኛው ወንበር ተቀመጠና በሩን ዘጋ፣ ድምፁም ያኔውኑ ጠፋ። ጠራሁት፣ ደጋግሜ ጠራሁት። ሲወጣ ወደ እኔ መጥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

«እማማ፣» አለኝ፣ «ያፈሰሱብኝ ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነበር።»

መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጧት። አቪ ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ይለኛል። አርብ ከሰዓት ግን ልብሱን ቀይሮ ይወጣል። ሺሞን ነው የነገረኝ፣ ኤቨን የሁዳ ነው የሚሄድ፣ ወደዚያ የሞተሩ ባለቤት ወደነበረው ሟች ልጅ እናት ቤት። ማን ቤቱን አሳየው ብዬ ብጠይቀው «እኔም አላውቅ» ብሎ ማለልኝ።

አላስችል ቢለኝ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ እኔን የምታክል ሴት ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ። የአቪ ጃኬት ከኋላዋ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ እዚህ ይመጣል መሰለኝ፣» አልኳት።

«የእርስዎን ልጅ አላውቅም፣» አለችኝ፣ በትሕትና። «እዚህ የሚመጣው የኔ ነው። እግዚአብሔር መለሰልኝ፣ እርስዎም ያመስግኑልኝ።»

አሜን አልኳት። ምን ልበል፣ በሕይወት አለ።