የዕድሩ አቴንዳንስ

«ይኸው፣ ራሳችሁ ፈርማችኋል» አለ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ ፋይሉን ወደ እነሱ እያዞረ።

ሚልካ ወረቀቱን ገና ስታየው አወቀችው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ሠላሳ አንድ ስም፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ እንደሷ አሳምሮ የሚጽፍ የለም፤ በዚህም ትንሽ ትኮራ ነበር። ዛሬ ግን እጇን የት እንደምትደብቀው ጠፋት።

እናቷ ወይዘሮ ዓለምነሽ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ምንም አላነበቡም። «ምኑን ነው የፈረምነው?» አሉ።

«ባትሪ ማቅለጫው ሥራውን ቢቀጥል ተቃውሞ እንደሌላችሁ ነዋ።»

እዚህ ቢሮ ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። ከቁስቋም ወረድ ብሎ፣ ከቤታቸው አጥር ጀርባ፣ አቶ ዓምሃ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያሰበሩ የውስጡን እርሳስ ያስቀልጣሉ። ከሰዓት በኋላ ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል፤ አፍ ውስጥ ሳንቲም ሳንቲም ይላል። የሰባት ዓመቱ ወንድሟ ኢዩ ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሟ «ከጭሱ አርቁት» ብላለች። ወዴት? ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

«ፈቃድ እኮ የላቸውም» አለች ሚልካ።

«አያስፈልጋቸውም።» ባለሙያው ዮፍታሔ ይባላል። ወጣት ነው፣ ክፉም አይመስልም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። «ከአሥር ሠራተኛ በታች ያለው ወርክሾፕ፣ ጎረቤት ካልተቃወመ፣ የጭስ ፈቃድ ከማውጣት ነፃ ነው። መመሪያው እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ጭሱስ? ጭሱም ከአሥር በታች ነው?»

ዮፍታሔ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። «መለኪያ መሣሪያ የለኝም፣ እህቴ። ይላክልን ብለን ከጻፍን ዓመት አለፈን። እኔ እጅ ያለው ይሄ ወረቀት ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ሚልካ በደንብ ታውቀዋለች፤ ስሞቹን ለእናቷ የጻፈችላቸው እሷ ናት። በሚያዝያ አቶ ዓምሃ ለዕድሩ አዲስ ድንኳን ሰጡና በስብሰባው ላይ ተጨበጨበላቸው፣ ተመረቁ። በቸርች የሚያውቋቸው ሰው ናቸው፤ እሁድ እሁድ የኢዩን ራስ እየዳበሱ «እየጸለይኩልህ ነው፣ ጎበዜ» ይሉታል። በማግስቱ የዕድሩ ጸሐፊ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ ዓለምነሽ መጥተው፣ «ለሰፈሩ ድጋፍ ማድረጌን የማሳይበት፣ የስብሰባውን አቴንዳንስ ብትሰጪኝ» አሉ። ድንኳን ለሰጠ ሰው ማን ወረቀት ይከለክላል? ሰጧቸው። አቶ ዓምሃ ደግሞ «ተቃውሞ የለንም» የሚል ገጽ ከፊቱ ጨምረው በስቴፕለር መቱት።

«ኧረ ይሄ የዕድር አቴንዳንስ ነው!» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። «ስለ ጭስ ማን አነሳና!»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው፣ እናቴ። ከፊርማዎቹ ሐሰተኛ ቢገኝ ፋይሉ እንደገና ይከፈት ነበር። ግን ሁሉም ፈርሟል።»

ሚልካ ዝርዝሩን በዓይኗ ወረደችበት። ሁሉም አልፈረመም። ዕድር ላይ የቀረ ይቀጣል፤ ስለዚህ ለታመመና ለቅሶ ለሄደ ጎረቤት መፈረም በሰፈሩ ውለታ እንጂ ማጭበርበር ተብሎ አያውቅም። ያን የስብሰባ ቀን ጎረቤታቸው አሮጊቷ እትዬ ማሚቴ ታመው ተኝተው ነበር። «ፈርሚላት፣ ምስኪን» ያሏት እናቷ ናቸው። ለእሳቸውም፣ ለሌሎች ሦስት ሰዎችም ፈርማለች።

እናትና ልጅ ተያዩ። ከጠረጴዛው ሥር የእናቷ እጅ ጉልበቷን ጫን አደረገው።

«እ... ማለቴ፣ ሐሰት ቢሆን» አለች ሚልካ፣ «የፈረመው ሰው ምን ይሆናል?»

«ወንጀል ነው። ጸሐፊውም ይጠየቃል።»

«ፋይሉ ከተከፈተ ማቅለጫው ይዘጋል?»

«ይታያል። ይዘጋል ብዬ አልዋሽሽም። እስኪታይ ድረስም ይሠራል።»

ይታያል! ሚልካን ማልቀስ አማራት። ለአንዲት «ይታያል» ብላ እናቷን ልታስጠይቅ፣ የታመሙትን አሮጊት ልታሳፍር ነው? ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ዛሬም ኢዩ ከትምህርት ቤት መጥቶ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያስል ታዳምጣለች። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል። ትልልቆቹ ያልቻሉትን እሷ ምን አቅም አላት?

«በቃ፣ እንሂድ» አሉ እናቷ ቦርሳቸውን አንስተው። ድምፃቸው ዝሏል። «እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሚልካ አልተነሳችም።

«ሚልካ!»

«ይቅርታ፣ እማ።»

እናቷ በሩ ላይ ቆሙ። አልወጡም፤ ተመልሰውም አልተቀመጡም።

ሚልካ ጣቷን የእትዬ ማሚቴ ስም ላይ አደረገች። «ይሄን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሌሎች ሦስትም አሉ።»

ዮፍታሔ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያም በሩ ላይ የቆሙትን እናቷን። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አልሰማሁም ልበል?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።



«አይ» አለች ሚልካ። «ይጻፉት።»