የከዳተኛው ሐኪም ድምፅ

እናቴ የምወደውን ሰው የጠላችው ፊቱን ሳታይ ነው። ድምፁን ግን ታውቀዋለች። እሷ ብቻ ሳትሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ከአሜሪካ ተገዝቶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚተላለፈው ተከታታይ ድራማ ውስጥ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አለ። መልከ መልካም ነው፤ አንደበቱ ማር ነው፤ ሚስቱ ታማ ተኝታ እሱ ከሌላ ሴት ጋር ይዞራል። የዚህን ሰው ንግግር በእኛ ቋንቋ በድምፁ የሚተካው የእኔው ሰው ነው።

የተዋወቅነው ሥራ ቦታ ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያው የተመልካቾችን አስተያየት በስልክ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሶሲዮሎጂ ያጠናሁት ለዚህ አልነበረም፤ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ስልኩ አስተማረኝ። ተመልካች ስለ ትወና አያወራም። ሰው ይዳኛል። «እነዚህ ሰዎች ስልክ ሲዘጉ ደህና ሁን አይባባሉም እንዴ?» ይለኛል አንዱ። «ምግብ ያዛሉ፣ ይጣላሉ፣ ሳይቀምሱት ተነስተው ይሄዳሉ። ማን ነው ያሳደጋቸው?» ትላለች ሌላዋ። «ያቺ ጠበቃ እናቷን የምትጠይቀው ስትሞት ነው?»

አንድ ቀን ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ቀጭን ሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«ስለ ሐኪሙ ምን ይላሉ?»

ቀና አልኩ። ያ ድምፅ ከዚህ ሰውነት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ይሰቀል ይላሉ።»

«ሁሉም?»

«አንዲት ሴትዮ፣ መጀመሪያ ይገረፍ ብላለች።»

ሳቀ። ሳቁ የሐኪሙ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። ትንሽ የሚሰነጠቅ፣ የሚያፍር ሳቅ። እዚያው ላይ አለቀልኝ።

ከዚያ በኋላ እሱ አስተያየት ልስማ እያለ ይመጣል፤ እኔ ሰበብ እየፈጠርኩ ወደ ስቱዲዮው እወርዳለሁ። በመስታወቱ ማዶ ማዳመጫ አጥልቆ የተዋናዩን ከንፈር ይከተላል። ከንፈሩ ሲከፈት ይናገራል፤ ሲገጥም ይገጥማል። ሐኪሙ ዝም ሲል ዓይኑን ወደ እኔ ይጥላል። በሕይወቴ ወረፋ ጠብቄ የማላውቅ ሴት፣ ያ ዝምታ እንዲረዝም እመኝ ነበር።

ግን አይናገርም። የሰው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲናገር የሚውል ሰው የራሱን አንዲት ቃል አጣ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ፌርማታ ላይ ቆመን አውቶቡሴ ሲመጣ ጠየቅኩት።

«ትወደኛለህ ወይስ ልሳፈር?»

«እ... እንዴት...»

«እያመለጠኝ ነው።»

«ይሂድ በቃ» አለ።

አውቶቡሱ ሄደ።

እናቴ ላገባው ያሰብኩት ማን መሆኑን ስነግራት የምታጥፈውን አንሶላ ለቀቀችው።

«ሐኪሙ?»

«ሐኪሙ አይደለም፣ እማ። ድምፁን ነው የሚሰጠው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ለዚያች ምስኪን ‹ስብሰባ ላይ ነበርኩ› ያላት በማን አፍ ነው? እያየሁት እኔ ራሴ አመንኩት እኮ!»

«ሥራው ነው።»

«እንደዚያ አሳምሮ መዋሸት ሥራው ከሆነ፣ ቤቱ ሲገባ አፉን የት ያስቀምጠዋል?»

አባቴም አሳምሮ ይናገር ነበር። ትቶን ሲሄድ እንኳ ዳቦ ሊገዛ የወጣ አስመስሎ ነው የሄደው። እናቴ ስለ እሱ አታነሳም፤ ያን ቀንም አላነሳችም። «ደጄን አይረግጥም» ብላ አንሶላዋን አነሳች።

ያለ ፈቃዷ ማግባት እችል ነበር። አልፈለግኩም። እሷንም እሱንም ነበር የምፈልገው፤ አንዱን መርጬ ለሌላው ላለቅስ አላሰብኩም።

እናቴ ድራማዋ ላይ ሳለች ቤቱ ቢቃጠል አትነሳም። ስለዚህ ቅዳሜ የመክፈቻው ሙዚቃ ሲጀምር ይዤው ገባሁ። ሳሎን ውስጥ እናቴ፣ አክስቴና ከላይ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ተደርድረዋል። እናቴ እሱን አየች፤ ቴሌቪዥኑን አየች።

«ይለቅና እንነጋገራለን» አለች።

እሱ በሩ ሥር ቆሞ ቀረ። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ አፉን ከፈተ። የወጣው እንግሊዝኛ ነው። ጣቢያችን በስሕተት ያልተተረጎመውን ቅጂ ለቅቆታል።

«ምንድን ነው ይሄ? ዛሬ እኮ ነው ሚስቱ የምትደርስበት!» ጮኸች ልብስ ሰፊዋ።

«ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የለም እዚህ ቤት?» አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ተርጉሚ!»

«የት ነበርክ አለችው። ሥራ ቦታ አላት። ትዋሻለህ አለችው።»

«የአየር ትንበያ ነው እንዴ የምታነቢልን?»

እናቴ ወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ወደ በሩ ተመለከተች።

«አንተ። ና እዚህ።»

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ስቱዲዮ ውስጥ የቀረጸውን በቃሉ ይወጣው ጀመር። ሐኪሙን ሆነ፤ ሚስቲቱን ሆነ፤ ሳል የማይለቃቸውን አማትየውን ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። አክስቴ ሐኪሙን አፈር ያስበላህ አለችና ደነገጠች።

«አንተን አይደለም፣ ልጄ።»

«ለእሱ ከሆነ ይጨምሩበት» አላት ሳይዞር። እናቴ ልትስቅ ስትል አየኋት፤ አፏን ገጠመች።

መጨረሻው ላይ ሚስቲቱ ከአልጋዋ ቀና ብላ «አንዲት ቃል ንገረኝ» አለችው። ሐኪሙ በሩን ይዞ ቆመ። ዝም አለ።

እሱም ዝም አለ።

«ይቅርታ በላት እንጂ!» አለች አክስቴ።

«አላላትም።»

«አንተ በላት! ማን ያውቅብሃል?»

«በል የኔ ልጅ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም» ለመነችው ልብስ ሰፊዋ።

እናቴ ስክሪኑን ትታ እሱን ታያለች። በላቸውና ይለቅልህ፣ ምን ቸገረህ እላለሁ በሆዴ።

ግንባሩን ጠረገ።

«ከአፉ አልወጣም» አለ ቀስ ብሎ። «ብልላችሁ ደስ ይላችኋል። ግን ይቅርታ ጠይቋት የሄደ ይመስላችኋል። አልጠየቃትም። ልዋሻችሁ አልችልም።»

ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ሄደ። ስሞች መውረድ ጀመሩ። ከሴቶቹ የተነቃነቀ የለም።

«እማማ፣ ልሂድ?» አላት።

እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ደጄን አይረግጥም ብለዋል...»

«ከረገጥከው ቆየህ። ከወለሉ ተነስና ወንበር ላይ ተቀመጥ።»

«ያ ድምፁስ?» አለች አክስቴ።

«ድምፁ የዚያ ከዳተኛ ነው» አለች እናቴ። «ሲለመን ዝም ያለው ግን ይሄ ልጅ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ያሰባችሁት?»

«ክረምቱ ሳይገባ» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«እሷ እንዳለችው» አለ።

«ጎበዝ! ከዚህች ጋር መኖር የሚቻለው እንደዚያ ነው።»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

ስሸኘው ደረጃው ላይ ቆመና የሆነ ነገር ሊለኝ ማማጥ ጀመረ። አልጠበቅኩትም፤ ሳምኩት። ቀድማን የወጣችው ልብስ ሰፊ ከላይ አጎንብሳ ኖሯል።

«ኑ ውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሐኪሙ ሰው እየሳመ ነው!»

በሮች መከፈት ጀመሩ።

«የእኔ ነው!» አልኩ፣ ሕንፃው በሙሉ እንዲሰማ።