ልቡ እንዲተነፍስ

የተዋወቁት አናጺው የልብስ ሰፊዋን ሱቅ በር ሊጠግን በመጣ ጊዜ ነው። «የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» ያለውን በር ሁለት ቀን ሲነካካው ዋለ። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ገብቷት ብትስቅበት፣ «ማጠፊያው አስቸግሮኝ እኮ ነው» ብሎ ዐይኑን ሰበረ። ከዚያ በኋላ በሩ ሳይበላሽም ይመጣ ጀመር።

እናቱ ግን አልወደዷትም። ያለ አባት ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው፤ «ልትነጥቀኝ ነው» አሉ። እሱ በሁለቱ መሀል ሲናጥ ከረመ። አንድ ቀን እሷም ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ወይ እኔን ወይ እሳቸውን!» አለችው። በሩን ከኋላው ዘግቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ተራ ጉንፋን የመሰለው ሕመም ወደ ልቡ ዘለቀ። ወሬውን ስትሰማ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሆስፒታል ደረሰች። ራሱን ስቶ ተኝቷል። ደሙን የሚያዘዋውርለት አልጋው አጠገብ የቆመ መሣሪያ ነበር፤ በወፍራም ቱቦ ጠቆር ብሎ የወጣው ደም ደምቆ ይመለሳል። እናቱ አዩዋት፤ ሰላምታዋን ግን አልመለሱም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አነጋገራቸው።

«መሣሪያው ሕይወቱን ይዞለታል። ግን የሚመልሰው ደም ልቡን እየተጫነው ነው። የደከመ ልብ ያንን ግፊት አሸንፎ ደም መርጨት አቃተው፤ ስለዚህ ደሙ ውስጡ እየተጠራቀመ ወጥሮታል፣ ወደ ሳንባውም እየተመለሰ ነው። ቀጭን ቱቦ ልቡ ውስጥ አስገብተን የተጠራቀመውን ደም እየቀነስን እናስተንፍሰው። ሊደማ ይችላል፤ ዝም ብንል ግን ይብሳል።»

«በቃ!» አሉ እናቱ። «ልጄን ወንፊት አደረጋችሁት። ከእንግዲህ ማንም አይንካብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ ይፍቀዱላቸው።»

«አንቺ ምን አገባሽ? ሚስቱ ነሽ?»

«አይደለሁም።» የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች። «እሱ ይዳን እንጂ እኔ እቀርልዎታለሁ። ደጅዎን አልረግጥም። ብቻ እሺ ይበሉ።»

እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረው፣ «አድርጉለት» አሉ።

ቱቦው ገባ፤ የተወጠረው ልብ ረገብ አለ። ሐኪሙ «ተሳክቷል» ሲል ሰምታ፣ እሱን ሳታየው ሄደች። ሱቋ ውስጥ የሰው ልብስ አጣማ ትሰፋለች፣ ትተረትራለች፣ መልሳ ትሰፋለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

አንድ ጠዋት ቀና ስትል እናቱ ደጃፏ ላይ ቆመዋል። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«እማማ... እሱስ?»

«አለ። ከመሣሪያው አላቀቁት። ልቡ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።» ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሲነቃ የጠየቀኝ አንቺን ነው። ተነሺ፣ እንሂድ።»

አናጺው ከስቶ ዐይኑ ብቻ ቀርቷል።

«የት ጠፋሽ?» አለ በሻከረ ድምፅ። «ተቀይመሽኝ ነው?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት» አሉ እናቱ። የተቀመጡበትን ወንበር ለቀው ወደ አልጋው ጠጋ አደረጉላትና፣ «ቁጭ በይ፣ ልጄ» ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።