የአምስት ቁጥር ቫልቭ

የአባባ ቧንቧ ሬሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ መነጽራቸው ገና ጆሯቸው ላይ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ለከተማው ውሃ ሲልኩ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀራቸው ውሃው በላቸው።

መርማሪዋ ሬሳው ዘንድ ብዙ አልቆየችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ነገር የሥራዋ ሕግ ነውና፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ያለውን፣ ውሃ የሚዘጋውን የአምስት ቁጥር ቫልቭ እጀታ ትመረምር ጀመር። ትኩስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ከሥሩ የቀይ ቀስት ጫፍ ብቅ አለ።

ዛሬ ሥራ የጀመረችው ተለማማጅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እጀታውን የያዘችው እሷ ነበረችና ገዳይ ናት ለማለት ሁሉም ቸኩሏል። እሷ እንደምትለው አባባ ቫልቩን ራሳቸው ዘግተው ወረዱ፤ ውሃ ሲያንጠባጥብባቸው ከታች አዘዟት።

«‹አጥብቂው ልጄ› አሉኝ፤ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሁሉም እንደዚያ አይደል የሚዘጋው? ውሃው ሲመጣ ያላጠበቅሁት መስሎኝ ጨመርኩበት።»

መርማሪዋም በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ አላት።

ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ስለ ተተኪ ዝግጅት ሠልጥኖ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። አንጋፋዎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ለወጣቶቹ ጽፈው እንዲያስረክቡ፣ ያስረከበም በክብር እንዲሸኝ መወሰኑን ለመርማሪዋ ነገራት። አባባ ጥቂት ገጽ ቀርቷቸው ነበር። የሚጽፉበት ደብተር ግን ከሣጥናቸው ጠፍቷል።

የጥገና ኃላፊው ጡረታቸው ሁለቴ የተራዘመላቸው ሽማግሌ ናቸው። ትናንት እጀታውን በእጃቸው መቀባታቸውን አልካዱም፤ እንግዳ ስለሚመጣ ነው አሉ። ስለ ቀስቱ ስትጠይቃቸው ግን የቢሮ ሰው እንደሆኑ፣ የቫልቭ ጠባይ እንደማያውቁ ማሉ።

«ቀስት አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«አምስት ቁጥር የሚዘጋው በተቃራኒው፣ ቀስቱ እንደሚያሳየው ወደ ግራ ነው» አለች። «የአባባ እጅ ለምዶታል፤ ሳያዩ ዘግተው ወረዱ። ቀስቱ የተሳለው ለማያውቅ ሰው ነው። የማታውቀዋ ልጅ ዛሬ መጣች፤ ቀስቱ ትናንት ተሸፈነ።»

«ለማሳመር መቀባት ወንጀል ሆነ?» አሉ ኃላፊው።

መርማሪዋ ወደ ጥበቃው ዞራ ውሃውን በመጨረሻ ማን እንደዘጋው ጠየቀችው።

«ጋሼ ናቸዋ» አለ ወደ ኃላፊው እያየ። «ሮጠን ስንደርስ ከልጅቷ እጅ ነጥቀው ዘጉት። ማንንም አልጠየቁም።»

«ልጅቷ ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ቀኝ እያዞረች ነበር» አለች መርማሪዋ። «የማያውቅ ሰው ቢደርስ አብሯት ወደ ቀኝ ይገፋ ነበር። እርስዎ ግን ገና ሲነኩት ወደ ግራ አዞሩ። ጋሼ፣ ያውቁ ነበር።»

ሽማግሌው የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እንዲሞት አልፈለግሁም፤ አብረን ነው የተቀጠርነው» አሉ። «ልጅቷ ስታበላሽ አይታችሁ፣ ያለ ሽማግሌ አይሆንም እንድትሉ ብዬ ነው። እሱ ጽፎ ከጨረሰ እኔን ማን ይፈልገኛል? ቤቴ ሰው የለም። ደብተሩን አቃጠልኩት።»

ሲወስዷቸው ሥራ አስኪያጁ ተከተላቸው። በተቃራኒ የሚዘጉ ሌሎች ቫልቮች ይኖሩ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ዘጠኝ አሉ» አሉ ኃላፊው። «ቀስት የሳልነው አምስት ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

ተለማማጇ ነፃ ተባለች። ከተማው ውሃ ይጠብቃልና ሥራ አስኪያጁ ስድስት ቁጥርን እንድትዘጋ ላካት። አንድ ሠራተኛ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ቦት ጫማውን ያጠልቃል። መርማሪዋ ከመኪናዋ በር ላይ ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ሁለት እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ገና አላዞረችውም።